አያቷን ያሳሰረች ልጅ

ሆሳዕና፣ የካቲት

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ትከሻህን የሚያምህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ካርቶን ስታነሣ ይወጋሃል? እህል በወጉ ትበላለህ? እዚያ አሁን በጋ ይሁን ክረምት ዛሬም አይገባኝም፤ ሐዳሳ ስንት ጊዜ አስረድታኛለች፣ ይጠፋብኛል። ብቻ በገባህበት በወጣህበት የጌታ እጅ ከላይህ አይነሣ።

ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል። እኔም እንደ ወጉ ጽፌው ነበር፤ ደግሜ ሳነበው የሌላ ሰው ቃል መሰለኝና ሰረዝኩት። አትደንግጥ፣ የሞተ የለም። አባትህ አለ። ሐዳሳም ሲላስም አሉ፤ ሁለቱም እዚሁ ሆሳዕና፣ እዚሁ ቤት ናቸው። ይህቺን «እዚሁ» የምትል ቃል እንደ ትልቅ ወሬ የምጽፍበት ቀን ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ለምን አልደወላችሁም ትል ይሆናል። ፊትህ የሚታይበት ስልክ ከቤታችን ጠፍቷል፤ እንዴት እንደጠፋ ወደ ኋላ ትሰማለህ። ቢኖርም ይህን ነገር በስልክ አልነግርህም ነበር። ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ አንዱ ጓዳ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚልበት ቤት ነው። ባለሱቁ ፈትሁዲን የወንድሙ ልጅ በአውሮፕላን ወደ አንተ ከተማ እንደሚመጣ ሲነግረኝ፣ ከሐዳሳ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ቁጭ አልኩ። በሀዲይኛ ብጽፍልህ ቃሌ ከልቤ አይርቅም ነበር፤ ግን በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት በአማርኛ መጻፍ ነው። ስህተት ካየህ እለፈው።

ልጆችህ እንዴት እንዳደጉ በቪዲዮ የምታየው ፊታቸውን ብቻ ነው። ሐዳሳ ከኔ በቁመት በልጣ ቆማለች። ትከራከራለች። አባትህ በሬዲዮ የሰማውን ሲያወራ «አባባ፣ እንደዚያ አይደለም ያሉት» ትለዋለች፤ እሱም ሌላ ሰው ቢለው የሚቆጣበትን እሷ ስትለው ይስቃል። ሲላስ ደግሞ አሥራ አምስት ሞልቶት ጫማ አልበቃው፣ ምግብ አልበቃው ብሏል። ኳስ፣ ስልክ፣ ደግሞ ኳስ። እኔና አባትህ ጉልበታችን ሲያልቅ የነሱ እየጨመረ፣ ማታ ማታ «ይህን ዕድሜ እኛ መቼ አለፍነው?» እየተባባልን እንተኛለን። ሚስትህ ስታርፍ ሁለቱን በአንድ ጀርባ አዝያለሁ። አንተ ስትሄድ ሲላስ አራት ዓመቱ ነበር። ከባድ ነበር ብዬ አላማርርም። የአሁኑን ዓይነት ግን አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ወር ሲላስ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። አባትህ «ይህን ጫካ አንሣው» እያለ ሲለምነው የከረመ ፀጉር ነው። ደስ አለኝ፣ ልጁ ልብ ገዛ አልኩ። ቀጥሎ የሚወዳትን ማሊያ ለጓደኛው ሰጠ። ጠባኝ አለኝ፤ አመንኩት። ሐዳሳ ግን አላመነችም። ዓይኗ ከወንድሟ ላይ የማይነሣ መሆኑን አየሁ፤ የእህትና የወንድም ጠብ መስሎኝ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ወደ ማታ አባትህ ከጸሎት ቤት ተመልሶ የበዓሉን ምግብ፣ አተካና ሥሪ አለኝ። እኔም ያሆዴ ካለፈ ስንት ወሩ ነው፣ ዛሬ ምን በዓል አግኝተህ ነው አልኩት። «ልጁ ይወዳል፣ ይብላ» አለ። ቅቤ አንጥሬ ሠራሁ። ሲላስ በላ። አባትህ አልበላም፤ ልጁን ሲበላ ያየዋል። እኔ አባትህን አያለሁ፣ ሐዳሳ ሁላችንንም ታያለች። እንደዚያ ሆነን አመሸን።

በነጋታው አርብ ጠዋት አባትህ ኮቱን ለብሶ አገኘሁት። አንጋጫ ያለችውን እህቱን አሟታል፣ ሲላስን ይዞ ሊጠይቃት ነው፤ ትምህርት አንድ ቀን ቢቀር ምንም አይደለም አለ። ሐዳሳ ምኗን ነው ያመማት ብላ ጠየቀችው። «ጥያቄ አታብዢ» አላት። ልጄ፣ ይህ ሰው ለሐዳሳ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ አባትህ በሩ ላይ ቆመና የሲላስን ራስ ይዞ ጸለየ። ረጅም ጸሎት። ለአንጋጫ መንገድ ይህ ሁሉ ጸሎት ምንድነው ብዬ ሳቅኩበት። ሲላስ ዞሮ አቀፈኝ። አንገቴ ሥር ተለጥፎ ቆየ። ይህ ልጅ በሰው ፊት መታቀፍ ካፈረ ቆይቷል፤ እኔም ዛሬ ምን ነካው እያልኩ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። በገዛ እጄ፣ ቆሎ ቋጥሬ ሸኘሁት።

እኩለ ቀን ላይ ጓሮ የእንሰት ቅጠል እየቆረጥኩ ጎረቤታችን ገነቴ በአጥሩ ጠራችኝ። ገነቴን ታውቃታለህ፣ ጮሃ አታውቅም። ያን ዕለትም አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ሳትለብስ በባዶ ራሷ ስለመጣች ብቻ በእጄ ያለውን ቅጠል ጣልኩ። አባትህ ፖሊስ ጣቢያ እንደሆነ ሰው ነግሯታል። ባጃጅ ገጭቶት ይሆናል፣ ወይ ሲላስን ገጭቶት ይሆናል እያልኩ ከእሷ ጋር ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምጸልየው ለተሰበረ እግር ነበር። የተሰበረ እግር ለምኜ የሄድኩ ሴት ነኝ።

ስደርስ አባትህ ጫማውንና ቀበቶውን ተቀብለውት በካልሲ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን በእጁ ይዟል። ማዶ ሲላስ ከሦስት እኩዮቹ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል፣ አያየኝም። መሃል ላይ ሐዳሳ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማለች። የተጎዳ ሰው ፈለግኩ፤ የለም። አንዲት ወጣት ሴት ፖሊስ ወንበር አመጣችልኝና ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልጆቹ በሻሸመኔ አድርገው ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም አንተ ወዳለህበት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገሩ ሲሉ ተይዘዋል። ደላላው ከመኪናው ዘሎ አምልጧል። አብሮ የተገኘው ትልቅ ሰው አባትህ ነው። ማን አያችሁ፣ ማን ነገራችሁ አልኳት። ሴትዮዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ሐዳሳ ተመለከተች።

«ጥቆማውን የሰጠችው የልጅ ልጅዎ ናት፣ እማማ።»

ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። እጄን አነሣሁባት ልጄ። ስታድግ አንድ ቀን እንኳ ያልመታኋትን ልጅ በሰው ሁሉ ፊት ልመታት እጄን ሰቀልኩ። እሷ ራሷን አልሸፈነችም፣ ወደ ኋላም አላለችም።

«ምቺኝ እማማ። ግን መጀመሪያ ዞር በይና ሲላስን እዪው» አለችኝ።

ዞርኩ። ሲላስ አለ። ቆሟል፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። እጄ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ገነቴ ናት ይዛ ያወረደችልኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልጅቷ ለፖሊስ ስትናገር ሰማሁ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከሩቅ ተከትላቸው መናኸሪያ ደርሳለች። አያቷና ወንድሟ የአንጋጫውን መኪና ትተው ወደ ኋላ በር ሲዞሩ አየች። እዚያ አቤሴሎም ቆሟል። አቤሴሎምን አስታውሰው፣ ከመዘምራን ጋር ከበሮ ይመታ የነበረው፣ እናቱ ባንተ ሠርግ ላይ ሽንኩርት የከተፈችው። እሱ ነው ደላላው። የሲላስን ስልክ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ መንገድ ላይ ስልክ አይያዝም ብሎ። ያን ጊዜ ገባት። ሮጣ አባባን እጁን ልያዝ ወይስ ሰው ልጥራ ብላ ስታመነታ መኪናው ሞተር አስነሣ። በር ላይ ወደነበሩት ፖሊሶች ሮጠች። መኪናው መውጫው ኬላ ላይ ተይዞ ቆመ። አቤሴሎም በመስኮት ዘለለ፣ ስልኩንም ይዞ ሄደ። አባትህ ግን አልሮጠም። ልጁን እስከ ሞያሌ ሊሸኘው አብሮት የተሳፈረው ሰው፣ ከመኪናው ወርዶ ኮቱን እያስተካከለ ፖሊሶቹን ጠበቃቸው አሉ።

እኔ ወደ አባትህ ሄድኩ። ምን አድርገህ ነው ብዬ በሀዲይኛ ጠየቅኩት። በአማርኛ መለሰልኝ፣ ፖሊሶቹ እንዲሰሙት።

«እኔ ነኝ። ልጁን ልልከው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ክው አልኩ። ይህ ሰው አንተ በሄድክ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ከሰው ያልተነጋገረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ከበታቻችን ያሉት ሰዎች ልጃቸው በመኪና ሳጥን ውስጥ ታፍኖ አለቀ ተብለው ሲረዱ፣ ሬሳ የለም፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ትልቅ የተደረገ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ አባትህ ከዚያ ለቅሶ ተመልሶ እዚች ደጃፍ ላይ ጫማውን እያወለቀ «የኔን የልጅ ልጅ ይህ መንገድ አይበላውም» ብሎ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው አፍ ነው አሁን «እኔ ነኝ» የሚለኝ። ሰውየውን አላወቅኩትም። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ባሌን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየሁትና እንግዳ ሰው ሆነብኝ።

ቅዳሜና እሁድ መሃል ገቡና እስከ ሰኞ ታስሮ ቆየ። ሲላስን ፈርሜ ወሰድኩት። ሐዳሳ ቤት አልገባችም፤ ከጣቢያው ቀጥታ ገነቴ ዘንድ ሄደች። ነይ ግቢ አላልኳትም፣ አትግቢም አላልኳትም። ለአባትህ ምግብ ሳደርስ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐዳሳ በላች ወይ ይለኛል። አልተቆጣሃትም ወይ ስለው ፊቱን ያዞራል።

የሰፈሩን ነገር ምን ልንገርህ። አያቷን ያሳሰረች ልጅ እየተባለች መንገድ ላይ በጣት ተጠቆመች። ከመኪናው ከወረዱት ልጆች የአንዱ እናት የገነቴን በር አንኳኩታ ገብታ የሐዳሳን ጉልበት ስማ አለቀሰች። የሌላው አባት ደግሞ በዚያው ቀን በአጥሩ ላይ ቆሞ የልጄን እንጀራ ነሣሽው፣ የአንቺ አባት እዚያ ተቀምጦ እየበላ የኛን ትከለክያለሽ ብሎ ሰደባት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጡ። ደህና ሰዎች ናቸው፣ ለአባትህ አዝነው ነው። ተሳስቼ ነው፣ አያቴን ሌላ ሰው መስሎኝ ነው ብትል ነገሩ ይቀላል አሏት። እሷም ሰማቻቸውና፣ ዛሬ ዋሽቼ ነገ ሲላስ እንደገና ቢሄድ ማን ያምነኛል፣ ማንስ ይመልስልኛል ብላ ጠየቀቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ሲወጡ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ገነቴ አይታለች፤ የእሳቸውም ልጅ እናንተ ዘንድ ነው።

ሲላስ በበኩሉ ከእህቱ ጋር አልነጋገርም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። መሄድ ፈልጎ ነበር፤ አልደብቅህም። የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ የሚያወራው ያንኑ አገር ነው።

ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፈትሁዲን ሱቁን ዘግቶ የንግድ ፈቃዱን ይዞ መጣ፤ ዘመድ ሳይሆን፣ ሃይማኖት ሳያገናኘው፣ ማንም ሳይጠራው ለአባትህ ዋስ ሆነ። ዳኛው አባትህን የላከህ፣ ያግባባህ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አለ። ደላላውን ከየት አገኘኸው ሲባል እኔው ፈልጌ ነው አለ። ስልክ አንሥቶ ከማውራት በቀር ቁጥር እንኳ መፈለግ የማያውቅ ሰው። ከዚያ ሐዳሳን ጠሩ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ ግን ሁሉም ሰማት።

«እኔ አባባን አልከሰስኩም። ወንድሜን ከመኪና አወረድኩ፤ አባባ አብሮት ነበረ።»

አባትህ ቆሞ ሲሰማት ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የተከሰሰ ሰው ፊት አልነበረም። ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር። ያኔ አልገባኝም፤ ደንግጬ ዳኛው የተናገሩትን እንኳ ገነቴን ደግሜ ነው የጠየቅኩት። በዋስ ተለቀቀ፤ አቤሴሎም ገና ስላልተያዘ ጉዳዩ አልተዘጋም።

ከፍርድ ቤት ስንመለስ አባትህ ወደ ቤታችን አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ የገነቴን በር ከፍቶ ገባ። ሐዳሳ ቀድማን ገብታ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ስታየው እርጥቡን ልብስ ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። አባትህ ቀረበና ልብሱን ከእጇ ወስዶ ገመዱ ላይ ሰቀለው። ከዚያ «ደግ አደረግሽ» አላት። በፖሊስ ፊት ያላለቀሰች፣ በሽማግሌ ፊት ያላለቀሰች ልጅ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አነባች።

ስትረጋጋ ለምን አባባ፣ ለምን ብላ ጠየቀችው። አጠገቧ ተቀምጦ ሰው ሲያረጅ እንደሚሳሳት፣ ለልጁ የተሻለ የመሰለውን አድርጎ እንደነበር ነገራት። ቀጥሎም፣

«እኔው ነኝ ያሰብኩት። ማንም አላዘዘኝም» አላት።

ልጄ፣ ይህን ማን ጠየቀው? ልጅቷ ለምን አለች እንጂ ማን አላለችም። ፖሊስ ጣቢያ ማንም ሳይጠይቀው «ሌላ ሰው የለበትም» ያለው ትዝ አለኝ። አቤሴሎምን እየሸሸገ ነው የሚሉ አሉ። አባትህ ለአቤሴሎም ብሎ በካልሲው ፖሊስ ጣቢያ እንደማይቀመጥ እኔም አንተም እናውቃለን።

በማግስቱ ሲላስን ጓሮ ወስጄ እንሰቱ መሃል አስቀመጥኩት። ሐዳሳ ቤት ተመልሳለች፤ እሱ ግን አሁንም አያናግራትም ነበር። እህትህ ለማን ብላ ይህን ሁሉ ስድብ እንደጠጣች ታውቃለህ ወይ አልኩት። እንባው መጣ። አያትህስ በዚህ ዕድሜው ታስሮ ሲወጣ አንዲት ቃል ሳትነግረው ትኖራለህ ወይ አልኩት።

«እማማ፣ አባባ እኮ አይደለም…» ብሎ ጀመረ።

አፉን በመዳፌ ያዝኩት። ሙሉውን አላስጨረስኩትም። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ መዳፌን በልጅ አፍ ላይ ከድኜ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ። ሰምቼ ቢሆን ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። አልሰማሁም። ስላልሰማሁ እንደ እናት ልጽፍልህ እችላለሁ። ሲላስንም፣ የጀመርከውን ቃል ለእህትህ እንዳትጨርስላት ብዬ በጌታ ስም አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላንሣና ልተወው። በገና ሰሞን ስትደውል አልቅሰህ ነበር። አብሮህ ሱቅ የሚያድረው ልጅ ከተገደለ ወዲህ ብቻህን መሆን እንደከበደህ፣ የራስህ የሆነ ሰው አጠገብህ ቢኖር ብለህ ነገርከኝ። እኔ ጸልይ አልኩህ። አባትህ ስልኩን ተቀብሎኝ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ብዙ ቆያችሁ። ሲመለስ ስልኩን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን አለህ ስለው «ብቻውን ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ሰው ምግብ አልተስማማውም። ብቸኝነትህን እኔም አልናቅኩትም፤ ያንተ እንባ እዚህ ቤት ሲወርድ አንተ ከምታውቀው በላይ ያቃጥላል። አባት ሁለት ልጅ ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንዱን ለሌላው ሲቆርጥ ግን ማንም ልጅ ማየት የለበትም። ይህን ያልኩት ስለማንም አይደለም። ተወው።

አሁን ወደ ጻፍኩልህ ነገር ልምጣ። ሐዳሳ ፎቶህን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አድርጋ ነው የምትጸልየው፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። በዚህ ሁሉ መከራ መሃል የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አባዬ ይህን ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን ትለኛለች። አያቷን በማሳሰሯ ትቆጣት እንደሆነ ትፈራለች፤ ወንድሟን በማስቀረቷ ደስ ይልህ እንደሆነ ተስፋ ታደርጋለች። የገነቴ ልጅ አሮጌ ስልኩን ሊሰጣት ቃል ገብቷል። እሁድ ከጸሎት ስንመለስ መጀመሪያ የምትደውለው ላንተ ነው። ከመናኸሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ትነግርሃለች፣ እንደምታውቃት ነገር አታሳጥርም። ስትጨርስ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እንግዲህ አባቷ ነህ። የፈትሁዲን የወንድም ልጅ ከእሁድ በፊት ደርሶ ይህን ወረቀት እጅህ ላይ እንዲያደርገው የለመንኩት ለዚህ ነው፤ ያን ዝምታ ሳትዘጋጅ እንዳይደርስብህ።

ከእሷ በኋላ አባትህን አገናኙኝ በል። እሱ ምንም አይልህም፤ ጤናህን ይጠይቅሃል፣ ዝናብ እንደሌለ ያወራልሃል። አንተ ግን ልትለው የሚገባህን በል። እኔን ተወኝ፣ ለኔ ምንም አትበለኝ፣ አስረዳኝ አልልህም፣ አልጠይቅህም። አንድ ልጅ ነው ያለኝና ልጄ ሆነህ እንድትቀርልኝ እፈልጋለሁ።

የኛ ጉልበት እያለቀ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ገና ናቸው፤ አባታቸውን በአካል የሚያውቁበት ዕድሜ አልፏቸው ከመሄዱ በፊት አስብበት። ጠዋት ሲላስ ሐዳሳ ላይ ውሃ ረጭቶባት ስትሳደብ ሰማሁ፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ደግሞ ፈራሁ፤ የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ማን ወጣ፣ ማን ቀረ እያልኩ እሮጣለሁ።

ሲላስ አይመጣም ልጄ። አንተ ና።

ባዶ እጅህን ብትመጣም ና። ሱቁ ቢቀርም፣ ሰው ምን ይለኛል ብትልም ና። የአብርሃም አምላክ ከመንገድ ክፉ፣ ከጨለማ እጅ፣ ከብቻነትም ይጠብቅህ። የአባትህን ምርቃት ያላጎደለብህ እሱ ነው፤ የኔም ምርቃት እንዳለ ነው፣ አልተነሣም። እንቅልፍህን የተረጋጋ፣ እህልህን የበረከት ያድርግልህ።

ሁልጊዜም እናትህ።